ዘውድ የማይሰጠው ስም፤ ንግሥታት በሕዝብ ትውስታ

ከአክሱም ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ጥንታዊ ቦታዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። በአንደኛው ወገን ዱንጉር በመባል የሚታወቀው ታላቅ ሕንፃ ፍርስራሽ ይገኛል፤ ሕዝቡ «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» ይለዋል። በሌላው ወገን፣ በእርሻ መካከል፣ አብዛኞቹ ያልተጠረቡ ሐውልቶች አንዳንዶቹ ቆመው ሌሎቹ ወድቀው ይታያሉ፤ ይህኛው ቦታ ደግሞ በዮዲት ጉዲት ስም ይጠራል። የአርኪዮሎጂ ጥናት የሚሰጠው መልስ ግን ከሕዝቡ አጠራር ጋር አይስማማም። ዱንጉር የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ነው፤ ይኸውም ከንጉሥ ሰሎሞን ዘመን ከ1500 ዓመት በላይ ዘግይቶ መሆኑ ነው። የሐውልቶቹ ሜዳም ክርስትና ወደ አክሱም ከመግባቱ በፊት የነበረ የመቃብር ስፍራ ሲሆን፣ ዮዲት ተነሣችበት ከሚባለው ከ10ኛው መቶ ዓመት ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

እንግዲህ እነዚህ ድንጋዮች ስለ ሁለቱ ሴቶች የሚመሰክሩት ነገር የለም። ስለ ሕዝብ ትውስታ ግን ብዙ ይመሰክራሉ። ሕዝብ የታላቅነትን ምልክት ባየበት ቦታ ለአንዷ ቤት ሠራላት፤ የጥፋትን ምልክት ባየበት ቦታ ደግሞ ለሌላዋ ሜዳ ሰጣት። በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ በእርግጥ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ፣ ጦር ያዘመቱ፣ መልእክተኛ ባሕር ማዶ የላኩ፣ ለሕፃናት ነገሥታት ሞግዚት ሆነው መንግሥት ያስተዳደሩ እቴጌዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ስማቸው በዜና መዋዕል ገጽ ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። በእሳት ዳር አይተረክላቸውም፤ በሠርግና በልቅሶ አይነሡም፤ በተራራና በምንጭ ስም አይጠሩም። ታዲያ አንዲቱን ንግሥት ወደ አፈ ታሪክ የሚያሻግራት፣ ሌላይቱን በብራና ላይ የሚያስቀራት ነገር ምንድን ነው?

ብዙዎች መልሱን በሴቲቱ ውበት፣ በሥልጣኗ ስፋት ወይም በሥራዋ ትልቅነት ውስጥ ይፈልጉታል። ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር ግን መልሱ በሴቲቱ ዘንድ ብቻ አይገኝም። ትውፊት የሚወለደው ኅብረተሰቡ አንድ ከባድ ጥያቄ ሲኖረውና ለጥያቄው መልስ የሚሆን አካል ሲፈልግ ነው። «ከየት መጣን?»፣ «ለምን ወደቅን?»፣ «ማን አዳነን?» የሚሉት ጥያቄዎች ከትውልድ ትውልድ ይነሣሉ። ከነዚህ ለአንዱ መልስ ሆና የቆመች ሴት ትኖራለች፤ ያልቆመች፣ ምንም ያህል ብትሠራ፣ ለሊቃውንት ብቻ ትተዋለች።

«ከየት መጣን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሆነችው ማክዳ ናት። በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ላይ የምትታየው ንግሥተ ሳባ የራሷ ስም እንኳ የላትም። የሰሎሞንን ጥበብ በእንቆቅልሽ ልትፈትን ትመጣለች፤ 120 መክሊት ወርቅ፣ እጅግ ብዙ ሽቱና የከበረ ድንጋይ ታበረክታለች፤ ከዚያም ወደ አገሯ ትመለሳለች። ትረካው በዚያ ያበቃል። ቁርዓንም በነምል ምዕራፍ ያወሳታል፤ በስም ግን አይጠራትም፤ ቢልቂስ የሚለው ስም የኋላው የዐረብ ትውፊት ስጦታ ነው። ስም የለሽ መሆኗ፣ አገሯ በግልጽ አለመታወቁ፣ ከተመለሰች በኋላ የሆነው አለመነገሩ ለትረካ ሰፊ ክፍት ቦታ ተወ። ክፍት ቦታ ያለው ታሪክ ደግሞ ባለቤት አያጣም።

ይህን ክፍት ቦታ የሞላው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት፣ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና በባልደረቦቹ እጅ በግዕዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት ነው። ከዛግዌ ነገሥታት እጅ መንግሥቱን የወሰደው ሥርወ መንግሥት ሥልጣኑን የሚያጸድቅለት የዘር ሐረግ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ስም የለሿ እንግዳ ማክዳ ተባለች፤ ከሰሎሞን ፀንሳ ተመለሰች፤ ልጇ ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ወደ ኢትዮጵያ አመጣ። ይህ ትረካ በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት፣ ኋላም በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ውስጥ እንደ ሕግ ድንጋጌ ተጽፎ፣ ንጉሣዊው ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. እስኪያከትም ድረስ የዙፋን መሠረት ሆኖ አገልግሏል።

ነገር ግን የቤተ መንግሥት ጥቅም ብቻውን አንዲትን ሴት በሰፊው ሕዝብ ልብ ውስጥ ሊያኖራት አይችልም። ሕዝቡ ማክዳን የያዘበት መንገድ ሌላ ነው። ክብረ ነገሥት ሰሎሞን ንግሥቲቱን በቅመም የበዛበት ራት እንደ ጋበዛት፣ ከቤቱ ምንም ላትወስድ አስምሎ እንዳሳደራት፣ እሷም በሌሊት ጥም ሲያቃጥላት ተነሥታ ውኃ እንደ ጠጣችና በመሐላዋ እንደ ተያዘች ይተርካል። ባህላዊ ሠዓሊዎች ይህን ታሪክ በሸራ ላይ በተርታ በተሰደሩ ትናንሽ ክፍሎች እየሣሉ ለትውልድ አስተላለፉት፤ ማንበብ የማይችለው ተመልካችም ሥዕሉን በዐይኑ እየተከተለ አነበበው። ሊቃውንቱ የዘር ሐረጉን ሲጠብቁ፣ ሕዝቡ የውኃውን ጽዋ ጠበቀ።

ከዚህም በላይ በትግራይ የሚነገረው የእትየ አዜብ ተረት አለ። በዚህ ተረት ንግሥቲቱ በመጀመሪያ ለዘንዶ እንድትገበር ከዛፍ ላይ የታሰረች ልጃገረድ ነች። ቅዱሳን ዘንዶውን ሲገድሉት ደሙ ተረከዟ ላይ ይንጠባጠብና እግሯ የአህያ ሰኮና ይመስላል፤ ሕዝቡም አለቃው ያደርጋታል። የቤተ መንግሥቱ ማክዳ የተከበረችው ንጉሥ ስለ ወለደች ነው፤ የገበሬው አዜብ ግን የተከበረችው ከሕዝቡ ጋር በአንድ ዘንዶ አፍ ፊት ስለ ቆመች ነው። አንዲቱ ንግሥት ለሁለት ጠያቂዎች ሁለት መልስ ሰጠች።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ። ማክዳን ከፍ ከፍ ያደረገው ያው ክብረ ነገሥት፣ ዘውዱን ለልጇ ካስረከበች በኋላ ከእንግዲህ ሴት በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ እንዳትነግሥ መኳንንቱን በመሐላ ያስራል። ንግሥቲቱ በሩን ከፍታ እንድትገባ ተፈቅዶላታል፤ ከገባች በኋላ ግን በሩን ከኋላዋ እንድትዘጋ ተደርጓል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ከንግሥተ ሳባ መወለድን የዙፋን ክብር አድርጎ ሲጠቅስ፣ የአልጋ ወራሽነትን ለወንዶች ብቻ መድቧል። አፈ ታሪክ ሴትን ማክበሩ ለሴቶች መብት መስጠቱ አይደለም።

«ለምን ወደቅን?» የሚለው ጥያቄ የወለዳት ደግሞ ዮዲት ናት። በ10ኛው መቶ ዓመት የነበረው የዐረብ የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል በሐበሻ ምድር አንዲት ሴት ንጉሡን ገድላ እንደ ነገሠች መዝግቧል። የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ታሪክም፣ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ በላከው ደብዳቤ፣ በአገሩ ላይ የተነሣች ንግሥት ከተሞችን እንዳቃጠለችና አብያተ ክርስቲያናትን እንዳፈረሰች መግለጹን ያወሳል። ከዘመኑ የቀረው ምስክርነት ይህን ያህል ጥቂት ነው። በዚህ ጥቂት ምስክርነት ላይ ግን ትውፊት ተራራ የሚያህል ታሪክ ገነባ። ዮዲት አክሱምን አቃጠለች፤ በደብረ ዳሞ አምባ የነበሩትን የንጉሥ ልጆች ፈጀች፤ አርባ ዓመት ነገሠች ይባላል። ስሟም አንዴ ዮዲት፣ አንዴ ጉዲት፣ አንዴ እሳቶ ይሆናል። ትውልዷን አንዱ ከዳሞት፣ ሌላው ከአገው፣ ሦስተኛው ከቤተ እስራኤል ይመዝዘዋል።

የአክሱም መንግሥት መዳከም በአንድ ጀንበር የሆነ ነገር አልነበረም። የቀይ ባሕር ንግድ ከእጁ መውጣቱ፣ የመሬቱ ለምነት መመናመኑ፣ የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ መሸሹ ከዮዲት በፊት የጀመሩና ብዙ ትውልድ የፈጁ ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ንግድ መቀዝቀዙን በተረት መናገር ያስቸግራል። መሬት ቀስ በቀስ ሲደኸይ የሚያሳይ ሥዕል ለመሣል ይከብዳል። እሳት የያዘች ሴት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ትነገራለች፤ ሕፃንም አይረሳትም። በመሆኑም የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን በታየ ቁጥር አፍራሿ ዮዲት፣ እሷ ካልሆነች ደግሞ ግራኝ ሆነ። በአንፃሩ በቤተ እስራኤል ወገን በሚነገረው ትውፊት ይህችው ሴት የወገኗን ኃይል ያሳየች ጀግና ሆና ትታወሳለች። የአንዱ እሳት ለሌላው ብርሃን መሆኑ፣ ትውፊት የተራኪውን ጥያቄ ተከትሎ እንደሚሄድ ከማስረዳቱም በላይ፣ በአንድ አገር ውስጥ ስንት ዓይነት ትዝታ አብሮ እንደሚኖር ያመለክታል።

ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ በደቡብ ይገኛል። በሲዳማ ሕዝብ ሥነ ቃል ፉራ የምትባል ንግሥት ነበረች። ሴቶችን በወንዶች ላይ የበላይ አድርጋ እንደ ገዛች፣ ወንዶቹንም የማይቻል ሥራ እያዘዘች እንዳስጨነቀች፣ በመጨረሻም በተንኮል በዱር አውሬ ጀርባ ላይ አስቀምጠው እንዳስጋለቧትና አካሏ በየቦታው እንደ ተበታተነ፣ የአካሏ ክፍል የወደቀበትም ሥፍራ ስሟን የሚያስታውስ መጠሪያ እንዳገኘ ይተረካል። በኦሮሞ ሥነ ቃልም አኮ መኖዬ የምትባለው ንግሥት ተመሳሳይ ታሪክ አላት፤ እሷን ያጠፏት አፉ በቆዳ የተሸፈነ ጉድጓድ ላይ እንድትቀመጥ በማድረግ ነው። የእነዚህን ንግሥታት ዘመን የጻፈ ዜና መዋዕል የለም። ቢሆንም ስማቸው ከብዙ ባለ ዜና መዋዕል እቴጌ ስም ይልቅ በሕይወት አለ።

የፉራ ታሪክ በወንዶች አፍ ሲነገር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሴት ከገዛች የሚሆነው ይህ ነው ለማለት ይጠቅማል። በሴቶች አፍ ሲነገር ግን ኀዘንም ኩራትም ይቀላቀልበታል፤ የራሳቸው ንግሥት የነበረችበትን ዘመን ያስታውሳሉና። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የአማርኛ ተረት ተናጋሪው ሳያስበው የሚናዘዘው ነገር አለ፤ ሴት ማወቋ አልተካደም፤ የተከለከለው በራሷ እውቀት ራሷ መፈጸሟ ነው። ዮዲት፣ ፉራና አኮ መኖዬ ይህን ክልከላ የጣሱ ሴቶች ናቸው። ትውፊትም ቀጣቸው፤ ሲቀጣቸው ግን ዘላለማዊ አደረጋቸው።

አሁን ደግሞ ዘወር ብሎ፣ ትውፊት ያለፋቸውን ሴቶች መመልከት ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት የምትጠቀሰው ንግሥት እሌኒ ናት። የሐዲያ ገዥ ልጅ የነበረችው እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች፤ ባሏ ከሞተ በኋላም በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከፍተኛ አማካሪ ሆና ቆየች። ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ገና በልጅነቱ ሲነግሥ የመንግሥቱን ሥራ የመራችው እርሷ ነበረች። የቱርኮች ኃይል ወደ ቀይ ባሕር መቃረቡን ተገንዝባ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላከች። መልሱ የደረሰው በ1512 ዓ.ም. ነው፤ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም አገሪቱን በዝርዝር የሚገልጽ መጽሐፍ ጻፈ። እሌኒ የሞተችው አልቫሬዝ በአገሩ ሳለ ነው፤ ሕዝቡ ጠባቂውን እንዳጣ ቆጥሮ እንዳለቀሰላትም መዝግቧል። በጎጃም የምትገኘው መርጡለ ማርያም የእርሷ ሥራ መሆኗ ይነገራል። ወራሾቿ በንቀት ያዩትን አደጋ እርሷ ከሃያ ዓመት በፊት አይታው ነበር፤ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በ1521 ዓ.ም. ልብነ ድንግልን ሲሰብረው የእሌኒ ጥንቃቄ ትክክለኛነት ተረጋገጠ። ነገር ግን ያልደረሰ አደጋን አስቀድሞ ማየት ትረካ አይወጣውም። ቢያዳምጧት ኖሮ ይቀር የነበረውን መከራ ማን ያዜምለታል?

ከሽምብራ ኩሬ በኋላ የመጣው ዘመን ደግሞ ሁለት ሴቶችን ፊት ለፊት አቆመ። አንዲቱ የልብነ ድንግል ሚስት ሰብለ ወንጌል ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ከደብረ ዳሞ አምባ ወርዳ፣ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ ከሚያዘው የፖርቱጋል ጦር ጋር ተቀላቀለች፤ ከልጇ ከገላውዴዎስ ጋር እስኪገናኙም የዘመቻውን ችግር ሁሉ አብራ ቀመሰች። ሁለተኛይቱ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሚስት ባቲ ድል ወንበራ ናት። የማሕፉዝ ልጅ የነበረችው ድል ወንበራ ባሏን ተከትላ በደጋው ዘምታለች፤ በጉዞ ላይም ወልዳለች። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. ሲገደል የእርሷ ልጅ መሐመድ በገላውዴዎስ እጅ ተማረከ። የሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስም ቀደም ብሎ ተማርኮ ወደ የመን ለቱርኮች ተልኮ ነበር። እነዚህ ሁለት ባላንጣ እናቶች፣ አገር በደም በተነከረበት ሰዓት፣ ልጅ በልጅ እንዲለወጥ አደረጉ። ሚናስ ተመልሶ በኋላ ነገሠ፤ መሐመድም ወደ እናቱ ተመለሰ። ድል ወንበራ ግን ሐዘኗን አልረሳችም፤ ኑር ኢብን ሙጃሂድን ያገባችው የባሏን ደም እንዲመልስ በሚል ነው፤ ገላውዴዎስም በ1551 ዓ.ም. ከኑር ጦር ጋር ሲዋጋ ወደቀ።

በዚህ ውስጥ የአንድ ታላቅ ተውኔት ፍሬ ነገር ሁሉ አለ። ጦርነት፣ ምርኮ፣ የእናት አንጀት፣ ቂም፣ ለአንድ አፍታም የጠላትን እናት ሐዘን እንደ ራስ ሐዘን ማየት። ይሁንና በሕዝብ ትውስታ ውስጥ የገነነው ግራኝ ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ የግራኝ ድንጋይ ሆነ፤ ሁለቱ እናቶች ግን ከሊቃውንት ክበብ አልወጡም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በየወገኑ የተነሣው ጥያቄ «ማን በደለን?» የሚል እንጂ «እንዴት ተስማማን?» የሚል አልነበረም። ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ የሚሆኑት ሴቶች ጠያቂ አጡ።

በጎንደር ዘመን የተነሡት እቴጌ ምንትዋብ በሁለቱ መካከል ይቆማሉ፤ ግማሽ ትውፊት፣ ግማሽ ዜና መዋዕል ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ከሕፃኑ ልጃቸው ከኢያሱ ጋር በ1723 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት መንግሥቱን መሩ። በጎንደር አጠገብ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት፣ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የናርጋ ሥላሴን አሠሩ። ናርጋ ውስጥ በተሣለው ሥዕል እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ አግኝቷቸዋል።

ሕዝብ ከዚህ ሁሉ ምን ያዘ? በካፋ ስሙን ለውጦ አገር ሲዞር በቋራ ታመመ፤ በአንድ ቤት አረፈ፤ የቤቱ ልጅ አስታመመችው፤ ድኖ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ አስጠርቶ አገባት የሚለውን ያዘ። ስሟም ለጆሮ የተመቸ ነው፤ ምን ያህል ውብ ናት የሚል አድናቆት በውስጡ አለ። የአስተዳደራቸው ጥበብ፣ በቋራ ዘመዶቻቸውና በልጃቸው ሚስት በውቢት ወገኖች መካከል የተነሣው ሽኩቻ፣ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. መገደልና የዘመነ መሳፍንት መከፈት ለትረካ አልተመቹም። የአገር አስተዳዳሪዋ ተረሱ፤ አስታማሚዋ ልጃገረድ ቀረች። አፈ ታሪክ ሲያከብር እንኳ እንዲህ ያሳንሳል።

«ማን አዳነን?» ለሚለው ጥያቄ የቆሙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። የእርሳቸው ትውፊት ከሌሎቹ የሚለየው ጠያቂውም መላሹም ሕዝቡ ራሱ በመሆኑ ነው። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ወርደው የመሠረቱት ሠፈር አዲስ አበባ ተብሎ የአገሪቱ መዲና ሆነ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በኢጣልያንኛው ትርጉም አገሪቱን የኢጣልያ ጥገኛ የሚያደርግ ሆኖ ሲገኝ፣ ከአንቶኔሊ ጋር በተደረገው ክርክር ጠንካራውን አቋም ከያዙት ዋነኛይቱ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የኢጣልያ ጦር የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ የመከሩት እርሳቸው እንደ ነበሩ ይተረካል፤ ውኃ የተከለከለው ምሽግም ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ ሲያቀርቡ ዋሉ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከሰሎሞን ማዕድ እስከ ፍልውኃ፣ ከመቀሌ ምንጭ እስከ ዓድዋ እንስራ የሕዝብ ትውስታ የተንጠለጠለው በውኃ ላይ ነው። ውኃ መቅዳት በዚች አገር የሴት የዕለት ሥራ ነው። ጣይቱ በሕዝብ ልብ የገቡት በወርቅ ዘውዳቸው አይደለም፤ የማንኛዋም ገበሬ ሚስት በየቀኑ የምታውቀውን ነገር የጦር ስልት አድርገው በማሳየታቸው ነው። ውኃ ያጣ ቤት ምን እንደሚሆን የምታውቅ ሴት፣ ውኃ ያጣ ምሽግ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ንግሥቲቱና ሕዝቡ በአንድ እንስራ ላይ ተገናኙ።

የቋንቋችንም ሥርዓት ለዚህ ይመሰክራል። በቤተ መንግሥት ቋንቋ «እቴጌ ጣይቱ እንዲህ አሉ» ይባላል። በዘፈንና በጨዋታ ግን «ጣይቱ እንዲህ አለች» ነው። ይህ ንቀት አይደለም፤ ሰው እናቱንና ፈጣሪውን «አንቺ»፣ «አንተ» ሲል የሚያሳየው ዓይነት ቅርበት ነው። ሕዝብ አንዲትን እቴጌ «አንቺ» ማለት ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ወደ ትውፊት ተሻግራለች ማለት ነው።

ቢሆንም የጣይቱም ትውፊት መራጭ ነው። ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ እቴጌይቱ ሥልጣኑን በእጃቸው ለማቆየት ዘመዶቻቸውን በየቦታው ሲሾሙ መኳንንቱ ተባበሩባቸው፤ መጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት፣ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም በእንጦጦ ማርያም በጸሎት ተወስነው እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1910 ዓ.ም. የቆዩበትን ዘመን፣ ዘፈን አያነሣውም። ድል ያደረገችው ንግሥት ትዘመራለች፤ የተሸነፈችው ፖለቲከኛ ትታለፋለች። ሆኖም የሴት ሥልጣን ምን ያህል በባል ሕይወት ላይ የተንጠለጠለ እንደ ነበር በግልጽ የሚያስተምሩት እነዚያ የተረሱ ዓመታት ናቸው።

የዚህ ሁሉ ማረጋገጫ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዕጣ ነው። ከማክዳ ትውፊት ወዲህ በስሟ ዘውድ ጭና የነገሠች ሴት ትፈለግ እንደ ሆነ፣ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. በዙፋን ላይ የተቀመጡት ዘውዲቱ ምኒልክ አሉ። ጣይቱ የንጉሥ ሚስት ነበሩ፤ ዘውዲቱ ግን ራሳቸው ንግሥት ነበሩ። የሕይወታቸውም ታሪክ ለትራጄዲ የሚያንስ አይደለም። ዘውድ ሲጭኑ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ተደረገ፤ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ በአንቺም ጦርነት ሲገደሉ፣ እርሳቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ አረፉ። በአዲስ አበባ ስማቸው የሚጠራ ሆስፒታል አለ፤ ተረት ግን የላቸውም። ሥልጣኑ ከአልጋ ወራሹ ጋር የተከፈለ ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላ ታሪኩን ያስጻፉት ወገኖች የእርሳቸውን ትዝታ ለማግነን ምክንያት አልነበራቸውም፤ ሰፊው ሕዝብም ከነሣቸው ከሦስቱ ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ ስማቸውን አልጠራም። ዘውድ ሥልጣንን ሊሰጥ ይችል ይሆናል፤ ከመቃብር በላይ የሚውለውን ስም ግን አይሰጥም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለመምህሩም ለከያኒውም ግልጽ ነው። ትውፊትን ሐሰት ነው ብሎ መጣል ስሕተት ነው፤ ዱንጉር የንግሥተ ሳባ ቤት አለመሆኑ ቢታወቅም፣ ሕዝቡ ለዚያች ሴት ቤት መሥራት የፈለገበት ምክንያት ራሱ ታሪክ ነው። ትውፊትን እንዳለ ተቀብሎ መድረክ ላይ ማውጣትም አይበቃም። ተራኪው ማን ነው? ጥያቄው የማን ነው? በሩ ከማን በኋላ ተዘጋ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዮዲትን የሚጽፍ ደራሲ እሳቱን ብቻ ሳይሆን ከእሳቱ በፊት የነበረውን ረኃብና የንግድ መዘጋት ማየት አለበት። ጣይቱን የሚጽፍ ከዓድዋ ጋር የእንጦጦን ዝምታ ሊያሳይ ይገባዋል። እንስራ ተሸክመው ከእቴጌይቱ ጋር የዋሉት ሴቶችም ስማቸው ባይጻፍም ሥራቸው ተጽፏል፤ የእነርሱን ድምፅ ለተመልካች ማሰማት የቲያትር ድርሻ ነው።

ጥያቄም ሊለወጥ ይችላል። አንድ ትውልድ «ማን በደለን?» ማለቱን ትቶ «እንዴት ተስማማን?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ሰብለ ወንጌልና ድል ወንበራ ከብራና ላይ ተነሥተው በሕዝብ መካከል ይቆማሉ። «አስቀድሞ ማን አየ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ እሌኒ ትነሣለች። በሲዳማ ቀበሌዎች ስለ ፉራ የሚተርኩት አሮጊቶች ግን ይህን አይጠብቁም፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ ሌላ ዓይነት ፉራ ወደ መቃብር ይወርዳል። የባህል ሠራተኛው፣ መምህሩና ከያኒው ከንግሥታቱ ሁሉ አስቀድመው ሊደርሱላት የሚገባት እሷ ናት፤ የእሌኒን ቢያንስ አልቫሬዝ ጽፎታል፤ የፉራን ግን የሚያቆዩት እነዚያ ሴቶች ናቸው።